ቀይ ስርና ጣፊያዬ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድዴ ዛሬም ደማ። አክስቴ እትዬ ወርቄ እንደ ልማዳቸው ቀይ ስር ጨምቀው ጉርድ ሾላ ቤቴ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ደም ማነስ አይደለም፣ ያበጠው ጣፊያዬ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌቴን እየበላው ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ወደ ጣፊያዬ የሚሄደውን ደም በከፊል እንደሚዘጋው ስነግራቸውማ ጮኹ።

«ደም አንሶሽ ጭራሽ ሊዘጉብሽ!»

«እትዬ፣ ስፌት ፋብሪካ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ማሽን ጨርቅ ሲያበላሽ የሚሄድለትን ሥራ እንቀንስበታለን እንጂ ነቅለን አንጥለውም። ይሄም እንደዚያው ነው።»

«የፈቃድ ወረቀቱን እኔ አልፈርምም!»

ቀይ ስሩን ፊታቸው ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። ብርጭቆውን አስቀምጬ፣ የቤተሰብ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ እኔው ፈረምኩ። ሐሙስ ሆስፒታል እገባለሁ። ጣፊያው የማን ሆነና!