በትሏ ጎን ያየሁት ነበልባል

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ዛሬ አየሁት! ሦስት ዓመት ሙሉ በመምህራን ኮሌጁ "ውኃ ውስጥ የምትኖረው ጥብጣብ ትል ቆሻሻዋን በቆዳዋ ታስወጣለች" እያልሁ አስተምሬያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ትሏን አልኮል ውስጥ ሳልገድላት አይቻት አላውቅም።

ጧት የደቅ ደሴቱ ዓሣ አጥማጅ አያ ፈንቴ ከታንኳቸው ሥር አንዲቷን ለቅመው ሰጡኝ። አልኮሉን ሳወጣ አዩና "መምህር፣ ከነነፍሷ ይዩዋት እንጅ! የሞተ ምን ያሳያል?" አሉኝ።

በሐይቁ ውኃ እንዳለች ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኋት። በጎኗ ቀጫጭን ቱቦዎች አሏት፤ በየጫፋቸው እንደ ኩራዝ ነበልባል የሚርገበገቡ ደቃቅ ፀጉሮች ፈሳሹን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ኩላሊቷ ይኸው! ቆይታ ስትሞት ነበልባሉ ጠፋ፤ ቱቦውም ከሥጋዋ ጋር ተመሳሰለብኝ።

ነገ ሰሌዳው ላይ "ተሳስቼ ነበር" ብዬ እጽፋለሁ። አላፍርም። ያስመረቅኋቸው መምህራን ግን ዛሬም በየገጠሩ ስሕተቴን ያስተምራሉ። አንዱ የሚያስተምረው እንፍራንዝ ከተማ ነው፤ ለሁሉም የምልከውን የእርማት ደብዳቤ ከእሱ ጀምሬያለሁ።