እህቴን በመዝገብ ላዳናችሁልኝ

ለብሔራዊ የካንሰር ምርምርና መረጃ ማሰባሰቢያ ፕሮግራም የበላይ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም በወረቀት ብቻ ሳይሆን በአካልም ደኅና ትሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የአዲሱን አዳራሻችሁን መጋረጃ መሰላል ላይ ወጥቼ ስሰቅል፣ ባለሙያዎችዎ ለጉባኤው የሚያቀርቡትን ገለጻ ግድግዳው ላይ እያበሩ ይለማመዱ ነበር። የዳኑ ሕሙማን ቁጥር ባለፈው ዓመት ሽቅብ መተኮሱን ሳይ፣ ታላቅ እህቴ ከሕሙማኑ አንዷ ናትና፣ ደስታዬ ወሰን አጣ። መረጃ የሚያስገቡት ወይዘሮም ደስታዬን አይተው፣ ለግማሽ ዓመት ለክትትል ያልመጣና መሞቱ ያልተነገረ ሰው እንደ ዳነ እንደሚቆጠር በትሕትና አስረዱኝ። መሰላሉን ጨብጬ ባልይዝ ኖሮ እወድቅ ነበር።

ስለዚህ ድንቅ ፈውስ ያለኝን ምስጋና ከጥቂት ቅሬታዎች ጋር እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፦ እትዬ ክትትሏን ያቋረጠችው ድና ሳይሆን የጨረር ማሽኑ ተበላሽቶ ነው። ሲጠገን እንጠራሻለን ብሎ ያሰናበታት የምትታከምበት ሆስፒታል ራሱ ነው፤ እሷም የሰው ቃል የምታምን ሴት ናትና ስልኳን ከትራሷ ሳትለይ ጠበቀች።

ሁለተኛ፦ ማሽኑ ሥራ መጀመሩን ከሰው ሰምተን ደግፌ ወሰድኳት። መስኮቱ ጋ ያሉት ጸሐፊ ኮምፒውተራቸው ላይ የእናንተን መዝገብ ተመልክተው እንኳን ደስ አላችሁ አሉን፤ ለዳነ ሰው ተራ ስለማይያዝ የእሷ ተራ ለሌላ መሰጠቱንም አያይዘው ነገሩን። መዝገቡ እንዲታረም መታመሟን የሚመሰክር የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ዘንድ ለመግባት ደግሞ በሕሙማን መዝገብ ላይ መገኘት ግድ ነው። እትዬ አግዳሚው ላይ ጎኗን ይዛ ይህን ሁሉ ሰማች። ቆሽቴ አረረ፤ በጨዋ ደብዳቤ እንዲህ ማለት ነውር ከሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ሦስተኛው ከቅሬታ ይልቅ ጥርጣሬ ነው። ክፉ አሳቢ አይበሉኝና፣ የዳኑት ቁጥር የተተኮሰው ማሽኑ ቆሞ ከከረመ በኋላ ነው። ሕክምና ሲቆም በሽተኛ በብዛት የሚድን ከሆነ፣ ጥገናው ለምን ያን ያህል እንደ ዘገየ ይገባኝ ጀምሯል። ስሕተት ነው እንዳልል፣ ስሕተት አንዳንዴ እንኳ ባለቤቱን ያሳጣል፤ የእናንተው ግን ሁልጊዜ ለጉባኤ ወደሚያምረው በኩል ብቻ ያጋድላል። ነገሩ አልዋጥልኝ ብሏል።

አራተኛ፦ ተራዋን መልሱላት። ሌላውን ሁሉ ልተወው እችላለሁ። እናታችን ካለፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እንዳላጣት እፈራለሁ።

ስኬትዎን ከመሰላል ላይ ሆና ለማየት የታደለችው፣ የዳነች በሽተኛ በማስታመም ላይ የምትገኘው፣ ለከፍተኛ ትጋትዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣው፣

መጋረጃ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእትዬ አነበብኩላት። አልጋዋ ላይ እንደ ተጋደመች አዳምጣ፣ ስላዳናችኋት እንዳመሰግንላት ካዘዘችኝ በኋላ አንድ ጥያቄ እንዳክልላት ለመነችኝ፤ እኔ ከዳንኩ ይሄ ሕመም የማን ነው ብለሽ ጠይቂልኝ ትላለች።