የአያ ደሴ ድምፅ እና የእኔ ሰዓት

ሰኞ

ድርቅ አለ። የማጫወቻዋን ምልክት ስነካት አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች፣ ከዚያ ብሮውዘሩ እንዳለ ድርቅ። ልዘጋው ብል እምቢ። በግድ አስወጥቼ እንደገና ከፈትኩት። ድርቅ። ላፕቶፔን አጥፍቼ አበራኋት። ድርቅ። ከምሳ በፊት የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው።

ላጫውት የነበረው የአያ ደሴን ድምፅ ነው። አያ ደሴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ጉና ሥር ገብስ የሚያርሱ፣ ካልጠየቋቸው የማይናገሩ ሰው። አንድ የጥናት ቡድን የገበሬዎችን ታሪክ በድምፅ ሲሰበስብ ለምኜ ያስቀዳኋቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ አሻፈረኝ ብለው ነበር። ኋላ ሲስማሙ ውርጭ ማሳቸውን ባቃጠለው ዓመት ዘር የሰጧቸውን ሰዎች ስም ጠሩ። የተናገሩትም ለዚሁ ብለው ነው። ስማቸው የሆነ ቦታ ይቀመጥልኝ አሉ።

አሁን አዲስ አበባ ያለችው የቡድኑ አስተባባሪ ቅጂው ነፋስ አለበት፣ ንግግሩ አይለይም፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ሰምቶ የሚጽፈው ሰው ካልተገኘ ይሰረዛል ብላ ላከችልኝ። አይለይም! ለማን ነው የማይለየው? እኔ እጽፈዋለሁ አልኳት። የጉና ነፋስ እያፏጨብኝ ያደግኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ብዬ ከፎከርኩ በኋላ ነው ድርቅ ያለብኝ።

ማክሰኞ

ወንዶሰን መጣ። የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ከሐዋሳ ተመድቦ መጥቶ እስከ ዛሬ ብርዳችንን ይረግማል። ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ባየ ቁጥር ዊንዶውስ ልጫንልሽና ተገላገይ ይለኛል። አልገላገልም። ሊኑክሱን የጫንኩት ራሴ ነኝ፣ የማስታምመውም ራሴ ነኝ።

ዛሬ የሞከርኩት፦

ሌላ ብሮውዘር። ድርቅ።

ብሮውዘሩ ላይ የጫንኳቸውን ተጨማሪ ነገሮች ሁሉ ነቀልኩ። ድርቅ።

የድምፁን ፕሮግራም አቁሜ መልሼ አስነሳሁ። ድርቅ።

አዲስ የተጠቃሚ ስም ከፍቼ ገባሁ። ንጹሕ፣ ባዶ፣ ምንም ያልተነካ። እሱም ድርቅ።

ወንዶሰን የድምፅ ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ድርቅ አለ፤ እሱም እንደ ብሮውዘሩ። ላፕቶፗ ውስጥ ያለ መዝሙር ከፈትኩለት፣ ጥርት ብሎ ተጫወተ። ከሌላ ድረ ገጽ ዜና አጫወትኩለት፣ እሱም ተጫወተ። «እሺ፣ ካርዱ አይደለም» አለ፣ እየከበደው። ትንሽ ድል ናት፤ ግን በእሱ ላይ የተገኘች ስለሆነች ጣፈጠችኝ።

ከዚያ በራሱ ላፕቶፕ ከፈተው። አያ ደሴ ተናገሩ! ነፋሱ፣ ሳላቸው፣ «እንግዲህ ልጄ» ያሉት። ጥቂት እንደሰማን ወንዶሰን ክዳኑን ዘጋው፤ እብናት ሥልጠና አለበት፣ መኪናው ሊሄድበት ነው፣ ላፕቶፑንም ይዞ ነው የሚሄደው። እስከ ቅዳሜ አይመለስም። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት የላቸውም። በስልክ ደግሞ የቡድኑ ድረ ገጽ ማጫወቻውም መጻፊያውም አይከፈትም። ስለዚህ ችግሩ የእኔዋ ላፕቶፕ ነች፣ ያለችኝም እሷው ነች። በጣም ጥሩ። እንተያያለን።

ረቡዕ

የብሮውዘሩን ጓዳ የሚያሳይ መስኮት አለ፣ እሱን ከፈትኩ። ማጫወቻዋን ስነካት ቀይ መስመር ይወርድ ጀመር። አንድ ዓይነት መስመር ነው፣ እየደጋገመ፣ እየደጋገመ፣ እስኪደርቅ። በእንግሊዝኛ የሚለው፣ የፈቃዱ ጊዜ ገና አልደረሰም ነው።

ፈቃድ! ደሜ ፈላ። ወዲያው ለአስተባባሪዋ ደወልኩ። ሥራ ሰጥታችሁኝ ፈቃዱን የምትከለክሉኝ ምን አድርጌ ነው አልኳት። ታግሣ ሰማችኝና «እህቴ፣ ፈቃድሽ ከሰኞ ጀምሮ ክፍት ነው። ካልቻልሽ ንገሪኝ» አለች።

ካልቻልሽ። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም፣ እሱ ነው የባሰው። እችላለሁ ብዬ ዘጋሁት። እችላለሁ ያልኩት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ቀዮቹን መስመሮች ገልብጬ የሊኑክስ ሰዎች የሚረዳዱበት መድረክ ላይ ለጠፍኩ። እንግሊዝኛዬ አያምርም፤ ይለፉበት።

ከሰዓት ድንች ሊሸጥ የወረደ የአያ ደሴ ጎረቤት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ መልእክት አደረሰኝ። ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ፣ የተናገርኩትን ታሰማኝ ብለዋል። እሺ በላቸው አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ለምኜ አናግሬ፣ አልሰሙዎትም፣ ጥለውታል ልላቸው ነው?

ሐሙስ

መልስ መጥቷል። ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ የማላውቅ ሰው። ስለ ብሮውዘሩ ከመናገሩ በፊት በዚህ ውድቅት ምን ትሠሪያለሽ፣ መጀመሪያ ብትተኚ አይሻልም ወይ ይለኛል።

ምን ዓይነቱ ነው አልኩ። የሠራሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ተማሪዎቼ በመስኮቴ ሥር ኳስ እየተራገጡ። ልመልስለት ጀምሬ ቀዮቹን መስመሮች እንደገና አየኋቸው። እውነትም ጎናቸው ላይ ሦስት ሰዓት ይላል። ለፈረንጅ ሦስት ሰዓት ደግሞ ገና ዶሮ ያልጮኸበት ሌሊት ነው።

መልሱን ትቼ የላፕቶፔን ሰዓት አየሁ።

የላፕቶፔ የሰዓት ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። በጠፋች ቁጥር ሰዓቷን ትረሳለች፣ እኔ የክንዴን ሰዓት እያየሁ በእጄ እሞላላታለሁ። በኢንተርኔት ራሷ እንድታስተካክል የሚያደርገውንም ዘግቼዋለሁ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ እያለች ስታደናግረኝ ጊዜ። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን እኔ አንድ ነው የምለው፣ እናቴም አንድ ነው የምትለው።

ያ ድረ ገጽ ግን ድምፁን ለማጫወት ሰዓት የተጻፈበት ፈቃድ ይልካል። ላፕቶፔ ሰዓቷን ታያለች፣ ይሄ ፈቃድ የሚጀምረው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው ትላለች፣ ሌላ ትጠይቃለች። ሌላው ይመጣል፣ እሱም ገና ነው። ሌላ ትጠይቃለች። እንዲህ ስትጠይቅ ስትጠይቅ ነው የምትደርቀው። ምስኪን! ሦስት ቀን ሙሉ ስረግማት።

ለወንዶሰን እብናት ደወልኩለት። እስኪያስለው ሳቀ። ሲበቃው «አሁን እንደ ሰው ዘጠኝ ብለሽ ሙያት» አለኝ። እኔስ ሰው አይደለሁም እንዴ?

ለሙከራ ሞላኋት። ዘጠኝ። ማጫወቻዋን ነካሁ። «እንግዲህ ልጄ» አሉ አያ ደሴ። ተነሥቼ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ዞርኩ።

ደስታው በረድ ሲል ያ ዘጠኝ ከስክሪኑ ጥግ አፈጠጠብኝ። አልወደድኩትም። የእኔ ሰዓት ምን አጠፋ? ቅንብሩን መበርበር ጀመርኩ። ለካ ውስጧ የሚቆጥረው ሰዓትና ፊቷ ላይ የሚታየው የተለያዩ ናቸው፤ ፊቷ የሚታዘዘው በምትመርጪው ከተማ ነው። እንግዲያው ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቆጥር ከተማ ፈለግኩ። ቦነስ አይረስ! መረጥኩት። ውስጧ ትክክል፣ ፊቷ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ልክ እንደ ክንዴ። አያ ደሴም ሳይደርቁ ይናገራሉ። ለወንዶሰን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት።

ዓርብ

ማስተማሩ እኩለ ቀን ላይ አበቃልኝና ቁጭ አልኩ። መብራት የለም፣ ባትሪዋ ግማሽ ናት፣ ኢንተርኔቱ ከስልኬ። ጊዜ ያለኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

ነፋሱ እውነትም ኃይለኛ ነው፣ ግን ሁሉም ይሰማል። ውርጩ እንዴት እንደመጣ፣ ገብሱ ጠዋት እንዴት ነጥቶ እንዳገኙት፣ በየደጁ ስልቻ ይዘው መሄድ እንዴት እንዳሳፈራቸው። ከዚያ ስሞቹ። አለሙ ከእነሚስቱ። ቄስ ገበየሁ። የሙሉ እናት። ከዚያ ጭጭ።

ደረቀ! ጮህኩ መሰለኝ፣ የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማሁ። አሁን፣ በዚህ ሰዓት? ሰዓቷን አየሁ፣ ትክክል ነች። ከዚያ ማጫወቻውን አየሁት፣ ይቆጥራል። ነፋሱም ይሰማል። የቆመ ነገር የለም። ዝም ያሉት አያ ደሴ ራሳቸው ናቸው። ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ።

በቅንፍ (ዝምታ) ብዬ ጻፍኩና ቀጠልኩ። ባትሪዋ ልትሞት ስትል ላክሁት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ። አስተባባሪዋ «ደርሷል» ብላ መለሰች። በቃ፣ ይኸው። ካልቻልሽ ላለችኝ ሴት ይበቃታል።

ቅዳሜ

አያ ደሴ ገብሳቸውን ሸጠው፣ በቅሏቸውን ደጅ አስረው ገቡ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አጫወትኩላቸው። የራሳቸውን ሳል ሲሰሙ ፈገግ አሉ። ስሞቹ ሲመጡ በእያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዝምታው ላይ ስንደርስ፣ ተበላሽቷል እንዳይሉኝ ፈጠን ብዬ አልቆመም አጎቴ፣ ይቀጥላል አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እዚህ ጋ ዘነቡ ነበረች።»

ዘነቡን አውቃታለሁ። ማሳቸው ይዋሰናል፣ በድንበር ተጣልተው መነጋገር ካቆሙ ቆይተዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ።

«ከሁሉም ቀድማ ዘር የሰፈረችልኝ እሷ ናት። አፌ እምቢ አለኝ» አሉ። ዓይናቸውን ከላፕቶፗ ላይ አላነሡም። ከዚያ «ስሟን አስገቢልኝ» አሉ።

ለአስተባባሪዋ ጻፍኩላት። መዝገቡ ትናንት ተዘግቷል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም አለች። አይቻልም ስትል ደግሞ ልምድ አለን። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት እደውልላታለሁ፤ በእኔ ሁለት።

እስከዚያ ስልኬን አወጣሁና አንቱ ተናገሩ፣ እኔ በድምፅ እቀዳዋለሁ አልኳቸው። ዘነቡን ከነአባቷ ስም ጠሯት። አንድ ቁና ሞልታ እንደሰጠቻቸው፣ ለልጆቿ ያስቀመጠችው እንደነበረ ተናገሩ።

ሊሄዱ በቅሏቸውን ሲፈቱ፣ ለእሷም ይሰማ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይሰማል አልኳቸው። «እኔ ደጇ አልደርስም» አሉ፣ «አንቺ አሰሚያት።»

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጉና እወጣለሁ። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቻለሁ። ዘነቡ ምን እንደምትል አላውቅም፤ በሩን ትዘጋብኝ ይሆናል። ዝም ካለችም ዝምታዋን በቅንፍ እጽፈዋለሁ።