ጠይሙ በረንዳ

ለውድ ወንድሜ ለተረፈ አበጋዝ
ድሬዳዋ

እንደምን ሰንብተሃል ወንድሜ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የድሬዳዋ ፀሐይ እንዴት አድርጎ ይዞሃል? ባለቤትህ ኢትዮጵያስ፣ ያ ወገቧን የሚይዛት ነገር ተሻላት? ሕፃኗስ ጥርስ አበቀለች ወይ? እኛ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ካንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ መስቀልን አልፎም አላባራ ብሎን ነበር፤ አሁን ግን ጠራርጎ ሄዷል። እማዬም ደኅና ናት። ደኅና ናት ስልህ እንደ ወትሮው ላጽናናህ ብዬ እንዳይመስልህ። እስከ ታች አንብበው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አባባ ካረፉ ወዲህ ከጓዳ አልወጣ ካለች፣ በረንዳውንም ማየት ካስጠላት፣ ለሙት ዓመቱ ስመጣ ይዣት እመለሳለሁ፣ ቤቱንም እናከራየዋለን ያልከው ላይ ስደርስ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች እንጂ ክፉም ደግም አልወጣትም። እኔም አልፈርድብህም። ሩቅ ያለ ልጅ ሌላ ምን ይላል? እኔን ያስፈራኝ ዝምታዋ ነው። እሺ ብላ ተከትላህ ሄዳ፣ እዚያ ሰው አገር ቀስ በቀስ እንዳታልቅብን ፈራሁ።

ያም ሆነ ይህ በረንዳው መቀባት ነበረበት። ለተዝካሩ ካህናቱም ዘመዱም የሚቀመጠው እዚያው ነው። አባባ በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ኖራውን በጥብጠው ራሳቸው ይቀቡት እንደነበር ታስታውሳለህ። ዘንድሮ የነካው የለም። ክረምቱ ቀዩን ጭቃ እስከ ጉልበት ድረስ ረጭቶበት ሄደ። ከአግዳሚው በላይ ደግሞ ያ ቦታ አለ፤ አባባ ከፍርድ ቤት ሲመለሱ ራሳቸውን አስደግፈው የሚያርፉበት። ለራስ ምታታቸው አናታቸው ላይ የሚያደርጉትን ቅቤ ግድግዳው ስንት ዓመት ሙሉ ጠጥቶታል። እሳቸው ኖራ ይቀቡታል፣ እሱ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ብቅ ይላል። እማዬም ከእኔ ይልቅ ግድግዳውን ቅቤ ያበሉታል እያለች ታላግጥባቸው ነበር።

እንግዲህ ምን ቀለም ይሁን? ነጭ ባደርገው፣ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ቤቷን ሙሽራ አስመሰለች የሚል አፍ አይጠፋም። የከተማችንን አፍ ታውቀዋለህ። ጠቆር ያለ ነገር ባደርገው ደግሞ እማዬ የለበሰችው ከል አልበቃ ብሎ ቤቱንም ከል ማልበስ ነው። መሐል ያለ ቀለም ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ። ለካስ የመሐሉን ያህል የሚያስቸግር የለም!

ጎረቤታችን ድርቤ ላግዝሽ ብላ መጣች። ድርቤን ታውቃታለህ፣ እጇ ሲሠራ ምላሷ አያርፍም። መጀመሪያ ከዐረቡ ሱቅ አረንጓዴ ገዝቼ፣ በኖራ አፍክቼ ከበሩ አጠገብ ትንሽ ቀባሁ። ድርቤ ራቅ ብላ አየችውና፣ ነገ ጧት ሰዉ አቤቱታውን ይዞ ይሰለፍብሻል አለችኝ። እውነቷን ነው፣ መሥሪያ ቤት መሰለ። ቀጥዬ አመድማ ነገር ሞከርኩ። እሱን ደግሞ እሳቱ የጠፋ ምድጃ ብላ ሳቀችብኝ። ተናደድኩ፤ ግን እኔም ሳቅሁ።

በመጨረሻ ለዘብ ያለ የክሬም ቀለም በጠበጥኩና ቀጥታ ያንን የአባባን ቦታ ቀባሁበት። እማዬ አይታው እንዳትሸበር ከነጭራሹ ይጥፋ ብዬ ነበር። በማግስቱ ሲደርቅ ብናየው እንደ ልማዱ ከሥር ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ቅቤ የጠጣ ግድግዳ እንኳን የእኔን የአባባንም ኖራ አልተቀበለ። ታዲያ እኔ እህትህ ምን አደረግሁ? ቢላዋ አምጥቼ መፋቅ ጀመርኩ። ቀለሙ ተነሥቶ ቢላዋው ወደ ዋናው ቦታ ሲደርስ ድርቤ «ዲሲ! ዲሲ! ተይው!» ብላ ጮኸች። እኔ ግን እልህ ይዞኛል።

ያኔ ከኋላዬ «እጅሽን አንሺ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እማዬ ናት። ከአባባ ቀብር ወዲህ ያንን ደፍ ተሻግራ አታውቅም ነበር። ቢላዋውን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ቦታውን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ደግነቱ ብዙ አልጎዳሁትም። እኔ ስድብ ስጠብቅ፣ ይህ አይሸፈንም፣ አይፋቅምም፣ ሌላውን ግድግዳ ወደዚህ አምጡት አለችን። አልገባንም።

ከጓሮ፣ ከዋንዛው ሥር፣ ቀዩን አፈር ቆፍረን እንድናመጣላት አዘዘች። በወንፊት ነፍታ፣ ኖራና ጨው ጨምራ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ከትታ በጠበጠችው። ጣቷን ነክራ ከአባባ ቦታ አጠገብ ትቀባለች፣ ትቆማለች፣ ታያለች። እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ፣ ሲደርቅ ይነጣል እያለች በየጊዜው እስኪደርቅ ታስጠብቀናለች። አንዱ ደርቆ ለእኔ በጣም አማረኝና ይሁን አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ይሄማ ቀይ ዳማ ነው። አባታችሁ ጠይም ነበሩ» አለችኝ።

ተረፈ፣ ድርቤ አጠገቤ ባትኖር እዚያው ዘርፈጥ ብዬ አለቅስ ነበር። እሷም አፏን ይዛ ዞር አለች። እማዬ ግን አላለቀሰችም፣ ሥራ ላይ ነበረች። በማግስቱ የልቧን አገኘች፤ ነጭም ያልሆነ፣ ጥቁርም ያልሆነ፣ ልክ ያንን ቦታ የመሰለ። ሦስታችን ተጋግዘን በረንዳውን በሙሉ ቀባነው። የአባባን ቦታ ግን ብሩሽ አላስነካችም፤ ዙሪያውን ራሷ እየተጠነቀቀች አገናኘችው። ያ የሚረጨው ቀይ ጭቃም ከእንግዲህ ቢመጣ አይታይበትም። ካህናቱ ሲመጡ ለሐዘን ቤት የሚገባ ቀለም ይሉታል። ድርቤ ደግሞ ለሠርግም ይሆናል ብላ እኔን ትጠቅሰኛለች፤ እሷን ተዋት።

አሁን እማዬ ጧት ጧት ከሏን እንደለበሰች በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። ድርቤ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሃዳ ተረፈ፣ ነጋ ቡልታኒ?» ትላታለች፤ የተረፈ እናት፣ ደኅና አደሩ ወይ ማለቷ ነው፣ ከረሳኸው። እማዬም «ነጋ!» ብላ ትመልሳለች። ባንተ ስም የሚጠራት ሰው ያለው እዚህ ነው ወንድሜ። ስለዚህ ለሙት ዓመቱ ናልን፣ እጅህን ዘርግተህ ና፣ ግን ልትወስዳት አትምጣ። እለምንሃለሁ።

ስትመጣ ደግሞ የአባባን ቦታ ፈልገህ ራስህን ልታስደግፍ እንደምትሻ አውቃለሁ። አታገኘውም። እኔ ራሴ፣ በቢላዋ የጀመርኩት ሰው፣ ትናንት ፈልጌ አጣሁት። የፈለግኸው ላይ ደገፍ በል፣ ሁሉም የእሳቸው ነው።

ለኢትዮጵያ እህታዊ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ወገቧን ትታሽ፣ ከባድ አታንሳ። ሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ድርቤና ባለቤቷ ዋጋሪ ጌታ ይጠብቅህ ብለውሃል። እማዬም ጉልበትህን፣ ዓይንህን ስማለች። ምን ልበልልሽ ብላት ትንሽ አሰበችና፣ «አግዳሚው ለሁለት ሰው ይበቃል በይልኝ» አለች።

እህትህ ጸሐይወርቅ አበጋዝ
ነቀምቴ፣ ጥቅምት ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.