ዝርያ፦ ክልስ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዝናብ። የእንስሳት ክሊኒኩ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። አንዲት ድመት ከቅርጫቷ አምልጣ የመድኃኒት መደርደሪያው ላይ ወጣች፤ ሦስት ሆነን አወረድናት። እጄ ተቧጭሯል።

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ኦልድሮይድ መጡ፣ የድሮው የአውቶቡስ ሹፌር። ክላይድን ሊያስከትቡ። የልጅ ልጃቸው ውሻ ነበር... ሊድስ ከተማ የተከራየችው ቤት ውሻ አይፈቀድም ሲሏት ለሳቸው ተወችላቸው። አፍንጫው ፊቱ ላይ የተለጠፈ፣ ጆሮው እንደ ሌሊት ወፍ የቆመ። ፍሬንች ቡልዶግ። ማንም አይሳሳትም።

ክትባቱ ካለቀ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኢንሹራንስ ልገባለት ነበር። ለዚህ ዝርያ በወር ሰማንያ ሁለት ፓውንድ አሉኝ። ክልስ ነው ብልስ ብዬ እንደገና ሞላሁት። ሃያ አራት።»

«ለዚሁ ውሻ?»

«ለዚሁ ውሻ። ግን የእናንተን መዝገብ ሊጠይቁ ይችላሉ አሉ። እዚያ ምን ይላል?»

ስክሪኑን አየሁ። «ፍሬንች ቡልዶግ» ይላል፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት።

«አባቱን ማን አየው ልጄ?» አሉ ፈገግ ብለው። «እኔ በበኩሌ ተዋውቄው አላውቅም።»

ሳቅሁ። ባለቤታቸው ኤድና፣ ዊትቢ የሚባለው መንገድ ላይ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ከገቡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ክላይድን በመኪና ይዘው ይሄዳሉ፤ ውሻው ጭናቸው ላይ ካልተኛ ኤድና አይበሉም። የጡረታቸው ገንዘብ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ...

አጠፋሁት። «ክልስ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ምንም አልተፈጠረም። ምን ሊፈጠር ኖሯል?

ዓርብ፣ ማርች 21

ሚስተር ኦልድሮይድ ከጓሯቸው የቆረጡትን ሩባርብ፣ ያን ቀይ ግንድ ያለውን ጎምዛዛ አትክልት፣ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ኢንሹራንሱ ጸድቋል። አመሰገንኳቸው፣ እጄን ጨበጡኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሩባርቡን ከሌሎቹ ደበቅሁት።

በሩን ከመክፈታቸው በፊት ነበር የክላይድን ትንፋሽ የሰማሁት። መጋዝ እንጨት ላይ ሲጎተት የሚሰማ ዓይነት። በፊትም እንዲህ ነበር? ወይስ አሁን ነው ጆሮዬን የሰጠሁት?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ምሳ ከባቭና ጋር። ሐኪሟ እሷ ናት፣ የክሊኒኩም ባለቤት፣ ግን ሳንድዊቿን ከኛው ጋር ነው የምትበላው። እንደ ዋዛ ጠየቅኋት፤ ለአንዳንድ ዝርያ ኢንሹራንሱ ለምንድነው እንዲህ የሚወደደው? ዘረፋ አይደለም?

«ዘረፋ ቢሆን ደስ ባለኝ» አለች። «እንደ ቡልዶግ ያሉትን ፊታቸው እንዲያጥር አድርገን አራባናቸው፤ ውስጡ ያለው ሥጋ ግን አላጠረም። ትንፋሽ በቀጭን ቀዳዳ ነው የሚገባው። ኩባንያዎቹ የሚያስከፍሉት የሚመጣውን ስለሚያውቁ ነው።»

የሚመጣውን... ሳንድዊቼን አልጨረስኩም።

ሰኞ፣ ሜይ 12

መጣ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስተር ኦልድሮይድ ክላይድን ታቅፈው ገቡ። መናፈሻው ውስጥ ወድቆባቸው ነው። ምላሱ ሰማያዊ። ባቭና ከእጃቸው ነጥቃ ወደ ውስጥ ሮጠች። ኦክስጅን ሰጡት፣ ነቃ።

«ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል» አለቻቸው። «አፍንጫውን ማስፋት፣ ጉሮሮው ላይ ያለውን ትርፍ ሥጋ መቁረጥ። ከበጋው በፊት ቢሆን ይሻላል። ሙቀት ከመጣ አላውቅም።»

«ስንት?»

«ወደ ሦስት ሺህ አራት መቶ ፓውንድ።»

«ኢንሹራንስ አለው» አሉ። ባቭናን አልነበረም ያዩት። እኔን ነው።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

ኩባንያው ጻፈ። የክላይድን ሙሉ መዝገብ ይፈልጋሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ፎቶም።

ባቭና ወረቀቱን ይዛ መጣች። «ዴልያ፣ እዚህ ክልስ ይላል። ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አላውቅም» አልኩ። «ሲስተሙ ይሆናል።»

ከወረቀቱ ቀና ብላ አየችኝ። «እሺ» አለች። ሄደች።

አላውቅም። አንድ ቃል በመቀየር ጀመርኩ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ውሸት። መዝገቡ የሚወጣው በእሷ ፊርማ ነው። የሐኪምነት ፈቃዷን ቢነጥቋትስ?

ሰኞ፣ ሜይ 19

የሚስተር ኦልድሮይድ ቤት ሄድኩ። ኩባንያው ፎቶ እንደጠየቀ ነገርኳቸው። ሻይ ቀዱልኝ።

ክላይድ ሶፋው ላይ ነበር። ተቀምጦ ነው የሚተኛው! አገጩን ክንድ ማስደገፊያው ላይ አድርጎ። ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል። ዓይኑ ይከደንና ጭንቅላቱ ዝቅ ይላል፣ ያን ጊዜ ታፍኖ ይነቃል። እንደገና። እንደገና። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህንን ስናይ ተቀመጥን።

«ደውዬ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ» አሉኝ። «ክልስ ነው ብዬ ለክሊኒኩ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ ያልኳትን ነው የጻፈችው። አንቺ ሥራ አለሽ። እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ምን ያደርጉኛል?»

እንዳያደርጉት ልነግራቸው ሲገባኝ ሻዬን ጠጣሁ። ቀለል አለኝ። መቅለሉ ነው ያስጠላኝ።

ረቡዕ፣ ሜይ 28

ውሉ ተሰረዘ። ሳንቲም አይከፍሉም። ደብዳቤው ላይ «ሆን ተብሎ የተሰጠ የተሳሳተ መረጃ» ይላል። ባቭና የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ እንዲጨርሱ ለመነቻቸው። «በኔ ዕድሜ የማልጨርሰውን ነገር አልጀምርም» አሏት።

የሬዲዮው ትንበያ፦ ጁን ከወትሮው የሞቀ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ሚስተር ኦልድሮይድን አውቶቡስ ማቆሚያ አገኘኋቸው። ክላይድ እግራቸው ሥር፣ እያቃሰተ። መኪናዎስ? አልኳቸው።

መኪናዋ ቆማለች አሉኝ። የመኪናዋ ኢንሹራንስ የሚታደስበት ወር ነበር። ፎርሙ «ከዚህ በፊት ውል የሰረዘብዎ ኩባንያ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ብለው ሞሉ። አንዱ እምቢ አላቸው፣ ሌላው አራት እጥፍ ጠየቃቸው።

«የለም ቢሉስ?»

«አንዴ ዋሽቼ የመጣውን አየሁት ልጄ።»

ወደ ኤድና አሁን ሁለት አውቶቡስ ነው የሚይዙት። የሁለተኛው አውቶቡስ ሹፌር ደግሞ የክላይድን ትንፋሽ ሲሰማ በሽታ አለበት ብሎ አላሳፍርም ብሏቸዋል። ያለፈው ሐሙስ ኤድና አልበሉም።

ይህ ሁሉ ከዚያች ቃል ነው? የት ላይ ነው የሚያቆመው?

ረቡዕ፣ ጁን 11

ለባቭና ነገርኳት። ቆሜ፣ ኮቴን ሳላወልቅ።

«አውቃለሁ» አለች።

«መቼ?»

«የዚያኑ ቀን። መዝገቡ ማን እንደነካው ይጽፋል። ሰዓቱንም ጭምር።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር። በኋላ እሳቸው ደውለው ሁሉን በራሳቸው ላይ አደረጉት። ያኔ መናገር ነበረብኝ... ፈራሁ። የክሊኒኩ ስም አለ፣ የኔ ስም አለ። አንቺ ብቻ አይደለሽም ዴልያ።»

ሁለታችንም ለኩባንያው እውነቱን ጻፍን። ከዚያ፣ «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ላቆይሽ አልችልም» አለችኝ። «እኔ የምፈርመው አንቺ ከጻፍሽው ሥር ነው።» አልተከራከርኳትም። እስከ ወሩ መጨረሻ እሠራለሁ።

ዓርብ፣ ጁን 20

ሠላሳ አንድ ዲግሪ። አስፋልቱ ይለጠፋል።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሚስተር ኦልድሮይድ በታክሲ መጡ። ክላይድ እርጥብ ፎጣ ውስጥ። አረፋ ይደፍቃል፣ ዓይኑ ፈጥጧል። ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ ከድምፁ ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ።

ባቭና አተረፈችው። ለዛሬ ብቻ ነው አለች። ነገም እንዲሁ ይሞቃል፣ ከነገ ወዲያም።

አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለቀዶ ሕክምናው ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ባለቤት ለሌለው ውሻ ነው። «አሳልፈው ከሰጡት የኛ ነው፣ ሲድን ሌላ ቤት እንፈልግለታለን» ይላል ድርጅቱ። አድራሻ አይነገርም። መጠየቅም የለም።

ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ዝርያ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ፍሬንች ቡልዶግ በይ» አሉኝ። «አሁን እውነቱ በነፃ ነው።»

ፈረሙ። የክላይድን ማሰሪያ እጃቸው ላይ ሦስት ዙር ጠምጥመውት ነበር፤ ሲፈቱት ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ክላይድን ሲሰናበቱት ከኔ ሊደበቁ አልፈለጉም... ጎንበስ ብለው ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም።

ሰኞ፣ ጁን 23

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል። ባቭና፣ «አፉን ገጥሞ ይተነፍሳል፣ ጋደም ብሎ ይተኛል» አለችኝ። ለሚስተር ኦልድሮይድ ደወልኩ። ጥሩ ነው አሉ። ጥሩ ነው። ስልኩን ግን አልዘጉትም፣ እኔም አልዘጋሁትም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 2

ከኩባንያው መልስ መጣ። የክሊኒኩን ደብዳቤ አይተናል፤ ነገር ግን ማመልከቻውን የሞሉት ደንበኛው ራሳቸው ስለሆኑ ውሳኔው አይለወጥም። ልክ ናቸው። ያ ነው የሚያስከፋው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 24

አሁን ሐሙስ ሐሙስ በኔ መኪና ነው የምንሄደው። አዲስ ሥራ ገና አላገኘሁም፣ ሐሙስ ነፃ ነኝ። ሚስተር ኦልድሮይድ መንገዱን ሙሉ ፍሬን እንድይዝ በእግራቸው ይነግሩኛል፤ የአርባ ዓመት የሹፌርነት ልማድ።

ኤድና መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ሚስተር ኦልድሮይድ ሾርባውን በማንኪያ ያቀርቡላቸዋል፣ ኤድና አፋቸውን ይገጥማሉ። ጭናቸው ላይ ብርድ ልብሱን ያስተካክላሉ፣ ቦታ የሚያበጁ ይመስላሉ።

«ክላይድ የት አለ?» አሉ።



«ተኝቷል» አሏቸው ሚስተር ኦልድሮይድ።

ኤድና ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ኮሪደሩን፣ ግድግዳውን፣ ውጪውን።

«አይሰማኝም» አሉ።

«ድኗል እኮ የኔ ፍቅር። አሁን ሲተኛ ድምፁ አይሰማም።»

አመኗቸው። አፋቸውን ከፈቱ፣ አንድ ማንኪያ ዋጡ። ሁለተኛውንም። ሚስተር ኦልድሮይድ ሳያቋርጡ አጎረሷቸው፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩኝም።