ባርኔጣህን ዝናብ መታው

ወንድም ዓለሜ ታምራት፣

መኪናው ይዞህ ገደል ከገባ ስምንት ወር ሆነ። ያን ዕለት ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄድ ዝናብ መጥቶ ያበላሸዋል ብለህ ባርኔጣህን ቤት ትተኸው ነበር። አርባህ ሲወጣ እማዬ ልብስህን ሁሉ ለነዳያን ሰጠች። ባርኔጣውን ግን ከጎታው ጀርባ ደበቅኩት።

አሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ። አልጋህ ባዶ ነው፤ ተኛበት ይሉኛል፣ እፈራለሁ።

ያን ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ ስትገዛው እንደ ካርቶን ደረቅ ነበር። በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እያለሰለስክ፣ አናቱን በጣትህ እየቆነጠጥክ፣ እርጥቡን አድርገህ በዚያ ብርድ ትዞር ነበር። ጓደኞችህ ውሃ የምታጠጣው ሊበቅልልህ ነው ወይ እያሉ ያሾፉብህ ነበር። አንተ ግን ባርኔጣ የሚይዘው የደረቀበትን ራስ ነው ትለኝ ነበር። እሳት ዳር ከደረቀ እንደሚኮማተርም ነግረኸኛል። ራስህን እስኪለምድ ዓመት ፈጀ።

ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ አድርጌው ወጣሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘኝ። ቤት ስደርስ ጠርዙ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ባወልቀው ተጣሞ ሊደርቅ ነው፤ ባደርገው የእኔን ራስ ይዞ ያንተን ሊረሳ ነው። ይዤው ቆምኩ። እማዬ አየችው። እንደደበቅኩት አላወቀችም ነበርና ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ የተንጠለጠለውን ጠርዝ በጣቷ ቀና አደረገችው።

«አድርገው ልጄ፣ ባዶውን አይድረቅ» አለችኝ።

የውስጡ የቆዳ ቀለበት ገና ያንተን ቅርጽ እንደያዘ ነበር። ባርኔጣውን ገልብጬ የሒሳብ ደብተሬን የመጨረሻ ገጽ አፉ ላይ ጫንኩት። እርጥበቱ ወረቀቱ ላይ የተወውን መስመር ሳይደርቅ በእርሳስ ተከተልኩት። ራስህ ከኋላ በግራ በኩል ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ በሕይወት ሳለህ አላየሁትም።

ከዚያ አደረግኩት። በጣም ይቀዘቅዝ ነበር። እስኪደርቅ እማዬ አጠገቤ ተቀመጠች። አንዴ በስምህ ጠራችኝ፤ እኔም አቤት አልኳት።

አሁን ልኬ ሆኗል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ድምፅህን ለማስታወስ ስሞክር አንዳንዴ የራሴን እሰማለሁ።

እርሳስ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሙት ዓመትህ በደረሰ ቁጥር መስመሩን በእስክሪብቶ እደግመዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ እኩያህ ስሆንም፣ በዕድሜ ካለፍኩህም በኋላ። ያኔም ታላቄ አንተ ነህ።

ታናሽህ ሄኖክ