ጉንጬ የዘጋው ስልክ

ሰኞ

ሞተ። ባለ ቁልፉ ስልኬ ፀጉር ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች!

ደግሞ በዚህ ሳምንት። ሩንዳ ሰፈር የሚኖሩት እትዬ አስቴር ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ለመልሱ ሙሽራዋንና ሚዜዎቿን ሹሩባ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ፤ "በዚህ ሳምንት ደውዬ እነግርሻለሁ" ብለውኛል። ያንን ሥራ ካገኘሁ የናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ እጄን ያያል። ካጣሁት እዚሁ ሁርሊንግሃም ያለችው ባለ ትልቅ መስታወቷ ፀጉር ሠሪ ጎረቤቴ ትወስደዋለች።

ልጄ ቤቲ ከሥራ ስትመለስ አዲስ ስማርት ስልክ ገዝታልኝ መጣች። እንደ ብስኩት የሳሳ ነው። "ማሚ፣ ኒ ራሂሲ ሳና፣ ትረስት ሚ!" አለችኝ። እዚህ ያደገች ልጅ፣ በስዋሂሊኛ በጣም ቀላል ነው ማለቷ ነው። ለማን?

ማክሰኞ

ጣቴን አላውቅም አለ። ቀኑን ሙሉ ቅባት ውስጥ ስለሚውል ይሆናል። ቤቲ "እሺ ፊትሽን አሳዪው" አለችኝ። ሻሽ ሳስር ፊቴንም ካደ። በገዛ ስልኬ ደጅ ጠናሁ።

የባሰው ከሰዓት በኋላ መጣ። አንዷን ደንበኛዬን እየሠራሁ ነው፣ ጉንጉኑ ግማሽ ላይ ደርሷል። ከለቀቅሁት ይላላል፣ ከሥሩ እንደገና መጀመር ነው። እትዬ አስቴር ደወሉ። ደንበኛዬ አነሳችልኝና እንደ ልማዴ በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ሸጎጥኩት። "እንደምን ዋሉ እት—" ጭጭ። ጉንጬ ዘጋው! እንደገና ደወሉ። እንደገና ጉንጬ። ከዚያ ወዲያ አልደወሉም። ጨርሼ እኔ ብደውል አያነሱም።

ረቡዕ

ዛሬ አንዷ ደንበኛዬ ወሬ ይዛልኝ መጣች። እትዬ አስቴር ላገኙት ሰው ሁሉ "ሁለቴ ጆሮዬ ላይ ጠረቀመችብኝ፣ ምን በድያት ነው?" እያሉ ነው። በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሴት ላይ ስልክ የምጠረቅም ባለጌ ሆንኩ! ሥራው ቢቀር ይቅር፣ ስሜስ? ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ወጥቼ ደግሞ ስልኩን ሰደብኩት።

ለቤቲ ነገ ስልክ የምመርጠው እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ስለ ስልክ ምን አውቀሽ አለችኝ። ስለ ስልክ ባላውቅ ስለ ሥራዬ አውቃለሁ።

ሐሙስ

ጉድ ሠራሁ!

ፓርክላንድስ ስልኩ ወደ ተገዛበት ሱቅ ቅባቴንና ማበጠሪያዬን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ስለ ካሜራ ሊያስረዳኝ ሲጀምር ቤቲን በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት፣ እጄን ቅባት ቀባሁና ፀጉሯን መጎንጎን ጀመርኩ። "በል፣ ያሉህን ስልኮች እዚህ ደርድርና ተራ በተራ ደውል" አልኩት። ቤቲ "ማሚ ፕሊዝ፣ ሰው እያየን ነው!" ትላለች። ይየን!

የምፈልገው ድምፁ የሚጮኽ፣ ፊደሉ ተለቅ ያለ፣ ቻርጁ እስከ ማታ የሚቆይ፣ ከሁሉም በላይ እጄ ሥራ ላይ ሲሆን ሳልነካው የሚያነሳልኝ። አንዱ ድምፁ የትንኝ ነው። ሌላው ውድ ነው፣ ግን ካልዳሰሱት አያነሳም። ሻጩ እየሳቀ ከመደርደሪያው ጥግ ወፍራምና መልከ ጥፉ ነገር አወጣ፤ ሴቲንጉን ነካክቶ ደወለ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ራሱ ተነሳ! "ሃሎ ማማ!" የሚለው ድምፅ ሱቁን ሞላው። እጄ ከቤቲ ፀጉር አልተነቃነቀም። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው አጨበጨበልኝ፣ ቤቲም ሳቀች። ቀጭኑን ሰጥቼ ወፍራሙን ይዤ ወጣሁ።

ማታቱ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለእትዬ አስቴር የድምፅ መልእክት ላክሁ። "እትዬ፣ እኔ አይደለሁም የዘጋሁት፣ ጉንጬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።" የቤቲን ሹሩባ ፎቶም አስከተልኩ። አዳምጠውታል። መልስ ግን የለም።

ዓርብ

ጠዋት እጄ ሥራ ላይ እያለ ስልኩ ጮኸ፣ ራሱ ተነሳ።

"ዛሬስ ልትዘጊብኝ ነው?" እትዬ አስቴር! ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ጆሯቸውን አቆሙ።

"ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ካልዘጉት እኔ አልዘጋም።"

"ጉንጬ ነው ትይኛለሽ? ይሄን ሁሉ ዘመን ስልክ ሳነሳ ጉንጭ ስልክ ሲዘጋ ሰምቼም አላው—"

ተቋረጠ። ሴቶቹ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። በቃ፣ ብድሬን መለሱልኝ ብዬ ክው አልኩ። ወዲያው እንደገና ጮኸ፣ እንደገና ተነሳ።

"ልጄ! እኔ አይደለሁም፣ ጉንጬ ነው!"

ወንድ ልጃቸው ለሰርጉ ብሎ እንደ መለስኩት ያለ ቀጭን አዲስ ስልክ ገዝቶላቸው ኖሯል፤ ዛሬ ገና መጀመራቸው ነው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዷ እልልታውን አቀለጠችው።

"ማናት እልል የምትለው?"

"ደንበኞቼ ናቸው እትዬ፣ ድምፅዎ ለሁሉም ይሰማል።"

"ይሰማ እንግዲያ! ሙሽራዋንም ሚዜዎቹንም አንቺ ነሽ የምትሠሪያቸው። እኔንም ጨምሪኝ።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ባለ ትልቅ መስታወቷም ሳትሰማ አልቀረችም።

ቅዳሜ

የሙሽራዋን ፀጉር ለማየት ሩንዳ ሄጄ መጣሁ። ብዙና ለስላሳ ነው፣ ያምርባታል። ብቻ ቀጭን ጉንጉን ይያዝላት አይያዝላት እንጃ፤ ሰርጉ እስኪደርስ ሳስብበት ልከርም ነው።

እትዬ አስቴር በር ድረስ ወጥተው ሳሙኝ፣ ኩርፊያው የት እንደገባ እንጃ። ስንሰነባበት ስልካቸውን አወጡ። በአውራ ጣታቸው ቢጫኑት እምቢ፣ በሌባ ጣታቸው ቢጫኑት እምቢ። ዘወር ብለው ልጃቸው አለመስማቱን አረጋገጡና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"ከመልሱ በኋላ ፓርክላንድስ ትወስጂኛለሽ። ማበጠሪያሽን እንዳትረሺ።"